ሳትለወጥ የሞተችው ንግሥት

በእኛ በሶዶ፣ ድራማ ላይ ሳይለወጡ መሞት አይቻልም። የከለከለ ሕግ ኖሮ አይደለም፤ ትወናን የለመድነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሆነ ነው። እኔን ራሴን እዩኝ፤ በሥራ ቀን የመንግሥት ሠራተኛ፣ በበዓል ሰካራም ነኝ። ወንበር እገለብጣለሁ፣ ሚስት ተብዬዋን ሰድቤ አስለቅሳለሁ፣ መጨረሻ ላይ ተንበርክኬ ጌታን እቀበላለሁ። ሕዝቡ የሚመጣው ለዚያች መጨረሻ ነው ይባላል። ስድቡ ላይ ግን ማንም አያንቀላፋም።

ታዲያ ዘንድሮ የታሪክ አስተማሪዋ አስቴር፣ በጥንት ዘመን ሸዋ ላይ ስለነገሠች ሙስሊም ንግሥት ቲያትር ጽፋ መጣች። ንግሥቲቱ ራሷ አስቴር፣ አማካሪዋ እኔ፣ አዘጋጁ ደግሞ ስንቱን ሰካራም ያስለወጡት ጋሽ ዳና። ልምምዱ እስከ መጨረሻው ትዕይንት ድረስ ሰላም ነበር። እዚያ ስንደርስ ጋሽ ዳና አንዲት ሕልም ትጨመር አሉ፤ ንግሥቲቱ ብርሃን አይታ፣ ተለውጣ ትሙት። አለበለዚያ ሕዝቡ ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል?

አስቴር ባዕድ አይደለችም፤ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ከፊት የምትቆም ናት። ግን ፍንክች አላለችም።

"ጋሼ፣ ስለዚች ሴት የምናውቀው መንገሷንና መሞቷን ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱን እኔ ልቀማት?"

ሕልሟ ከገባች እሷ ከቲያትሩ እንደምትወጣ፣ የንግሥቲቱን ልብስ በነፃ የሰጡንን የስልጤውን ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ሸምሱን፣ ከፊት አስቀምጣ እንደማታስቀይማቸው ነገረችን። ጋሽ ዳና ጽሑፉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ይህ እሺታ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብን።

በቀኑ አዳራሹ ጢም አለ። ንግሥቲቱ ለሕዝቧ አደራዋን ሰጥታ ሞተች፤ እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ አቀረቀርኩ። መጋረጃው ግን አልተዘጋም። ቀና ስል ጋሽ ዳና ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ መድረኩ መሃል እየመጡ ነው።

"እስቲ ለጸሎት ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍን" አሉ።

ከልምድ ብዛት እኔም ጨፈንኩ። ሟቿ ግን ገለጠች። በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና በዚያው በንግሥት ድምፅዋ አዘዘችኝ።

"አማካሪ፣ ለእኚህ ሽማግሌ ወንበር ስጣቸው። እንደ ሰው ተቀምጠው ያልቅሱልኝ።"

ብላ ተመልሳ ሞተች። እኔም በርጩማ አቀረብኩ። ጋሽ ዳና አዳራሹን አዩ፣ በርጩማውን አዩ፣ ከዚያ ቁጭ አሉ። መጋረጃው ሲዘጋ ሐጂ ሸምሱ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።

በማግስቱ አስቴርና ጋሽ ዳና የሚኮራረፉ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ከተማው ግን የሚያወራው መጨረሻ ላይ ስለገቡት ሽማግሌ ሆነ፤ ሲቀመጡ እንዴት ልብ ይነካሉ፣ እንዴት ያለ ትወና ነው! ጋሽ ዳና ያስተባበሉ እንዳይመስላችሁ። ቲያትሩን ጎረቤት ከተማ በዴሳ ሄደን ልናሳይ ስንሰናዳ ለብቻዬ ጠሩኝ።

"በርጩማውን" አሉኝ፣ "ትንሽ ወደ ፊት አድርግልኝ።"