የጋሽ ላስረዳ ግንባር

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ሕንፃ እስካሁን አልተሠራም፤ ቢሠራም ጸጥታው ተከራይ ያባርራል። አንዲት ልብስ ሰፊ በምትኖርበት ሕንፃ ይህ ከባድ ኃላፊነት የወደቀው በክቡር ጋሽ ላስረዳ ላይ ነው። ጡረታ የወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። «ቆይ ላስረዳሽ» ሳይሉ ሰላምታ እንኳ አይሰጡም። ለሐኪሙ ስለ ጉበት፣ ለነፍሰ ጡሯ ስለ ምጥ፣ ለልብስ ሰፊዋም ስለ መርፌ አስረድተዋል። ክር ማስገባት ግን እስከ ዛሬ አልሆነላቸውም።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ነገር አንብበው ጎረቤቱን ሁሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውታል።

«ቆይ ላስረዳሽ የኔ ልጅ» አሏት ልብስ ሰፊዋን ሊፍት ውስጥ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። «የሰው ገላ ያበራል። ዓይናችን ደካማ ሆኖ ነው እንጂ ሁላችንም እናበራለን። በተለይ ፊት! በተለይ በዚህ ሰዓት!»

«ታዲያ ጋሼ፣ አምፖል ለምን እንገዛለን?»

«እሱንም አስረዳሻለሁ» ከማለታቸው መብራቱ ድርግም አለ። ሊፍቱም ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መካከል ቀጥ።

ልብስ ሰፊዋን ከልጅነቷ ጀምሮ ጨለማ ያፍናታል። ትንፋሿ አጠረ፤ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ላስረዳ። «እንዲህ ያለ ጨለማ በልመናም አይገኝ! በይ ፊቴን እዪ። ጉንጬ ላይ ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

«አፍንጫዬስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አፍንጫዎ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም!»

«ቆይ ላስረዳሽ፤ ከአፌ በላይ ነው።»

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ትንፋሿም ተመለሰላት።

ከዚያ ወደ አገጭ ወረዱ፤ ከአገጭ ወደ ግንባር ወጡ፤ ራሰ በራ ከባለ ጎፈሬ ለምን አብልጦ እንደሚያበራም ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጡ። ራሰ በራ ናቸው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አፋቸው አልተገጠመም። ልብስ ሰፊዋ ልትነሣ ስትደናበር እጃቸውን ያዘች። እጃቸው በላብ ርሷል፤ የእሷንም አጥብቀው ያዙ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ፈርተዋል እንዴ?»

ጋሽ ላስረዳ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስረዱት አጡ።

እጃቸውን አልለቀቀችም። «ይቀጥሉ እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «ስለ ጆሮ እኮ አልነገሩኝም።»

ጆሮው እንዳለቀ የሕንፃው ጥበቃ በሩን በብረት ፈልቅቆ ባትሪ አበራባቸው። «አይዟችሁ! ጨለማው አላስፈራችሁም?»

ጋሽ ላስረዳ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ልብስ ሰፊዋ ቀደመቻቸው። «ምን ጨለማ አለና! ጋሼ በግንባራቸው ሲያበሩልኝ ነበር።»

ጥበቃው ባትሪውን አጥፍቶ የጋሽ ላስረዳን ግንባር አተኩሮ ያይ ጀመር።