አምስት ደቂቃ ለምርቃት

በትክክል ላላስታውሰው እችላለሁ፤ ምርቃቱ የተጀመረው ግን ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ይመስለኛል። ወልድያ ባለው ሙዚየማችን የአካባቢ ታሪክ ቀን ነበር። ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ ምርቃት አምስት ደቂቃ፣ የእኔ ገለጻ አርባ ደቂቃ። ወሎ ተወልዶ ለምርቃት አምስት ደቂቃ የሚመድብ ሰው ምን ይባላል? እንጃ፣ እናንተው ስም አውጡለት።

ገለጻዬ ስለ አንዲት የሀብሩ ምንጭ ነበር፤ ማን ቆፈራት፣ ማን በድንጋይ ገነባት። የመጀመሪያዬ ስለሆነ ወር ሙሉ መስታወት ፊት ተለማምጃለሁ። አድማጮቼ ከመርሳ የመጡ ተማሪዎች ናቸው፤ አውቶቡሳቸው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል። ኃላፊዬ ደግሞ፣ ልጆቹ ታሪክ ሳይሰሙ ከሄዱ ሁለተኛ ፕሮግራም እንደማይሰጡኝ ነግረውኛል።

መራቂው ሼህ ይመር ከዚያው ከሀብሩ፣ ከውርጌሳ የመጡ አዛውንት ናቸው። ሙዚየሙን መረቁ። ዘበኛውን መረቁ። ጣሪያውን ሳይቀር «አያፍስ» ብለው መረቁ። አዳራሹ «አሚን» ባለ ቁጥር እሳቸው ይታደሳሉ። በዱአ መሀል ማን ደፍሮ ይበቃል ይላል? በትንሽ ወረቀት «ሁለት ደቂቃ ቀርቷል» ብዬ ጻፍኩና አቀበልኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

ዱአ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው እንዲመረቅለት ጉዳዩን ለመራቂው እንደሚልክ እንዴት ረሳሁት? ሼህ ይመር መነጽር አልያዙም። ወረቀቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ «ይህ ልጅ አፍሮ ነው በጽሑፍ የላከው» አሉ።

ከኋላ አንዲት እናት፣ «ሚስት ይሆናላ! ሌላ ምን ያሳፍረዋል?» አሉ።

«እንግዲያው መልካም ሚስት ይስጠው!»

«አሚን!»

ከዚያማ ማን ይቅር? ተማሪው ደብተሩን እየቀደደ ወረቀት ላከ። ሼሁ አንዱንም ሳያነቡ ሁሉንም መረቁ። ቀጥለው ወደ ሙታን ዞሩ፤ ያችን ምንጭ ከቆፈሩት ጀምሮ ድንጋዩን እስከተሸከሙት ድረስ በስም በስም እየጠሩ ምሕረት ለመኑላቸው። እኔ በወር ድካም ያገኘሁት ሦስት ስም ነው። እሳቸው አሥራ አንድ ጠሩ። ተማሪዎቹም ለእያንዳንዱ «አሚን» አሉ፤ ያን ጊዜ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ።

ለሪፖርቱ የተቀዳውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁና «ገለጻ፦ በሼህ ይመር» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዬ አንብበው፣ ለሚቀጥለውም ፕሮግራም እንድጠራቸው አዘዙኝ። ከቅጂው ያረጋገጥኩት ሌላም አለ። ምርቃቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጅቷል፤ «መልካም ሚስት» ሲባል ደግሞ ከሁሉም «አሚን» በላይ ጎልቶ የሚሰማው የእኔ ነው።