የክብርት እመይቴ ቁጣ

ኩርፊያ የማያውቀው ቤት ካለ፣ ልጅ ያልገባበት ቤት ነው። በሌላው ቤት ሁሉ ግንባሯን ቋጥራ ዓለምን የምትከስ አንዲት ልጅ አትጠፋም። እናንተም ታውቋታላችሁ። «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ምንም አልሆንኩም!» ብላ የምትጮኸው፣ ጩኸቷም ሦስት ቤት ድረስ የሚሰማው ናት። ለእኔ የደረሰችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት፣ ማዕረጓ ክብርት እመይቴ። ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስሰጣት ፈገግ ትልልኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን በሩን አሳየችኝ። የገዛ ቤቴን በር!

እህቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለምትሠራ የምትመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ እመይቴ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ እኔ ትመጣለች። እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት ስህተታቸውን እለቅማለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ ጊዜ የሚራመድ አይመስልም። ፀሐዩ በቢጫው መጋረጃ ተጣርቶ ይገባል፤ ክፍሉ ሁሉ የማር ቀለም ይይዛል፤ ብናኙ አየር ላይ ቀስ ብሎ ይዋኛል፤ እኔም በፊደልና በእንቅልፍ መካከል እንሳፈፋለሁ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማል። ከኮቴው ድምፅ የዕለቱን መከራ መጠን አውቃለሁ።

አንድ ቀን የካልሲዋ ስፌት ጣቷን ነካትና ካልሲው በመስኮት ተወረወረ። ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ መላጣቸው ላይ አርፎ አገኙትና በሁለት ጣት አንጠልጥለው አመጡልን። ሌላ ቀን ሻዩን ወደ ግራ ነው ያማሰልሽው ብላ አልጠጣም አለች። ከሁሉም የማልረሳው ግን የአተነፋፈሴ ጉዳይ ነው።

«አክስቴ፣ አተነፋፈስሽ ይጮሃል!» አለችኝ።

ትንፋሼን ዋጥ አደረግኩ።

«አሁን ደግሞ ለምንድነው የማትተነፍሺው?»

ለእመይቴ መድኃኒት ያላዘዘ ሰው አልነበረም። መምህሩ «ቅምጥል ናት፤ አንድ ሁለቴ ቢሏት ትስተካከላለች» አሉ። የፎቁ ጽዳት ሠራተኛ «ዕድሜዋ ነው፣ ያልፍላታል» አለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ወግ አደረግኳት። ማተሚያ ቤት ሄጄ የካልሲውን ነገር ሳወራ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ጨምሬ አወራለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከዓመት አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ። አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ ስታንጎራጉር፣ እመይቴ «ዝም በይ!» ብላ ጠረጴዛውን ገልብጣዋለች። ማንም አልተጎዳም። ርዕሰ መምህርቷ ግን «ይህ ሦስተኛዋ ነው፤ ከደገመች አንቀበላትም» አሉኝ። ሄጄ ይዣት መጣሁ። ቤት እንደገባን በረንዳው ላይ ወጣችና እንዲደርቁ ከተሰጡት አንሶላዎች ጀርባ ተደበቀች።

ነፋሱ አንሶላዎቹን ቀስ እያለ ያነሳቸዋል፣ ይጥላቸዋል፤ ነጩ በረንዳ የሚተነፍስ ይመስላል። ልጠራት ስጠጋ ድምፅ ሰማሁ። ለራሷ ነው የምታወራው።

«ምናለ እንደ ሰው ብትሆኚ? ምናለ?»

ያቺን ድምፅ አላውቃትም ነበር። ቁጣ የለባትም። ደክሟታል። ከአንሶላው ወዲህ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጥላዋ ጉልበቷን አቅፎ ይታየኛል።

«አክስቴ፣ እኔ መጥፎ ነኝ?» አለች።

«አይደለሽም።»

«ጠዋት ስነቃ ቀድሞኝ ነቅቶ ይጠብቀኛል።»

«ማን?»

«ብስጭቱ ነዋ! ምንም ሳይደርስብኝ። ከዚያ እጮሃለሁ፤ ስጮህ አፍራለሁ፤ ሳፍር ደግሞ ይብስብኛል። ደስ የሚለኝ ነገር ጠፋ። መሳል እንኳ ሰለቸኝ።» ጥላዋ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ለሰው ትነግሪብኝና ትስቂያለሽ። በስልክ ስታወሪ እሰማለሁ።»

በሕይወቴ ስንት ሺህ ስህተት አርሜያለሁ፤ ይህኛው ግን የራሴ ነው። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ። ነፋሱ አንሶላውን ከፍ ሲያደርገው ትንሽ ጣቷ በሥሩ ወጥታ ጠርዙን ይዛ አየሁ። ጣቴን አጠገቧ አስቀመጥኩ። አልሸሸችም።

አመሻሽ ላይ እህቴን ወጥ ቤት ይዤ ገባሁ።

«እታለም፣ ይቺ ልጅ ሐኪም ማየት አለባት።»

«ልጄን እብድ ልታሰኚያት ነው?» ብላ ቱግ አለች። ወዲያው ደግሞ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለችና በመዳፏ ፊቷን ሸፈነች። «እኔ ነኝ ያበላሸኋት። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪና ጋር እየዋልኩ...»

«ያበላሸ የለም። የተበላሸም የለም። አሟታል፤ ያመመው ሰው ደግሞ ሐኪም ጋ ይሄዳል።»

በሳምንቱ ሦስታችን ሄድን። ዶክተሯ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። እኛን ውጭ አስቀምጠው መጀመሪያ ልጅቷን ብቻዋን አዋሯት፤ ከዚያ እኛን አስገቡን።

«ልጅ ሁሉ ያኮርፋል» አሉ። «ግን ብስጭቱ ከዓመት በላይ ሲቆይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሲመጣ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም ሲከተላት፣ ጠባይ ነው ብለን አናልፈውም። የልጅ ሐዘን ሁልጊዜ በእንባ አይወጣም። አንዳንዴ በጩኸት ነው የሚወጣው።»

እህቴ «ታዲያ መቅጣቱ?» ስትል «ሞክራችሁታል፤ ረዳችሁ?» አሏት።

በአንድ ጊዜ የሚያድን ነገር እንደሌላቸው ነገሩን። እመይቴ በየሳምንቱ እየመጣች ከባለሙያ ጋር ትነጋገራለች፤ ቁጣው ሲነሳ ገና ከሆዷ ሳይወጣ ማወቅን ትማራለች። እኛም ተማሪ ሆንን። ሲግላት አለመከራከር፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ምክሩን ለበኋላ ማቆየት፣ አጠገቧ መሆን። ትምህርት ቤቱም ሲብስባት አስፈቅዳ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ እንድትቆይ ፈቀደላት።

በአንድ ጀንበር የተለወጠች እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛው ወር ማበጠሪያ ተሰብሯል። በሦስተኛው አንድ ሙሉ ሳምንት አላናገረችኝም፤ ምክንያቱን እስካሁን አላውቅም። በአራተኛው ግን፣ አንድ ከሰዓት፣ እኔ እርማቱ ላይ አንገቴን ደፍቼ ሳንጎላጅ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ዓይኔን በግማሽ ከፈትኩ። በማር ቀለሙ ብርሃን ውስጥ ተቀምጣ እኔን ትስላለች፤ አፌን ከፍቼ ሳንኮራፋ። ትንፋሼም ይጮህ ነበር መሰለኝ። ምንም አላለችም። እኔም የተኛሁ መስዬ ሥዕሉ እስኪያልቅ ቆየሁ፤ አንገቴ ለሁለት ቀን ተጣሞ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለታችን ከውጭ ስንመለስ ደረጃው ላይ ሰው ተሰብስቧል። የአዲሶቹ ተከራዮች ልጅ፣ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ደረጃው ላይ ተዘርግታ ትጮሃለች። እናቷ በእፍረት ቀልታለች። መምህሩ «ቅምጥል ናት» ማለት ጀምረዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ «እሹሩሩ በያት» ትላለች።

እመይቴ ቦርሳዋን ሰጠችኝ። በሰው መሐል አልፋ ከልጅቷ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። አላየቻትም፤ አላባበለቻትም። ግድግዳው ላይ የሚንቀሳቀሰውን የፀሐይ ብርሃን ብቻ ታያለች።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ ወደ መምህሩ ዞራ፣ «ትንሽ ብንተዋትስ?»

መምህሩ መላጣቸውን ደባብሰው ቀድመው ገቡ። ከዚያ ከእናትየዋ በቀር አንድ በአንድ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ጩኸቱ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶው ወደ ሳግ ወረደ። ልጅቷ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች አንድ ደረጃ ወረደች። ቆየችና ሁለተኛውን። ከዚያ ራሷን እመይቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

እኔ ከነቦርሳው እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ።

«አክስቴ» አለችኝ እመይቴ ሳትንቀሳቀስ፣ «ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም!» አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ።

«እንግዲያው ተቀመጪ፤ ብርሃኑን ጋረድሽብን።»

ትእዛዝ ነው፤ ተቀመጥኩ።