በእትዬ ፔላጊያ ቤት ማፈር የለም

ባሕር ዳር ክፍል የሚያከራዩ ሴቶች፣ የትም አገር ይኑሩ የት፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ናቸው። ሻንጣሽን ከእጅሽ ይነጥቁሻል። ስምሽን ሳይጠይቁ ትዳርሽን ይጠይቁሻል። ሳትራቢ ያበሉሻል፣ ሳትታመሚ ያክሙሻል፣ ሳታለቅሺ አይዞሽ ይሉሻል። እያንዳንዱ መንደር አንዲት አለችው። የኛይቱ የስካላ ኤሬሶስ ግን፣ ማጋነን አይሁንብኝና፣ የሁሉም አለቃ ናቸው፤ ክብርት ወይዘሮ ፔላጊያ፣ የባለ ሰማያዊ መዝጊያው ቤት እመቤት፣ የላይኛው ፎቅ ክፍሎች ገዢ፣ የሌስቦስ ደሴት የፍቅር ጉዳዮች ሚኒስትር።

እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ካፌዬ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ስለሆነ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ። የማልሰማውን ደግሞ ራሳቸው መጥተው ይነግሩኛል።

እትዬ ፔላጊያ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። ድሮ፣ ሴት ሆነው ሴት የሚወዱ እንግዶች ድንኳናቸውን ተሸክመው ወደዚህ ባሕር ዳር መምጣት ሲጀምሩ፣ መንደሩ በሙሉ አማተበ። ዳቦ ጋጋሪው "ዳቦ አልቋል" ይላቸው ነበር፤ ዳቦው ከጀርባው ተደርድሮ እየታየ። ልጆች ድንጋይ ወረወሩ። እትዬ ፔላጊያም መጋረጃቸውን ዘጉ። ዘግተው በቀዳዳው ያዩ እንደነበር ግን ራሳቸው አጫውተውኛል። ከዚያ አንድ ዓመት ሁለት ሆነው የመጡት በዓመቱ አራት ሆነው መጡ፣ አራቱ አርባ ሆኑ። አስጎብኚ ድርጅቶች ነቁ። ከሆላንድ፣ ከጀርመን፣ ከእንግሊዝ በአውሮፕላን ይጎርፉ ጀመር፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ትልቅ በዓላቸው ሆነና መንደሩ ውስጥ መተኛ ጠፋ። ዛሬ ያ ዳቦ ጋጋሪ በሩ ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ ሰቅሏል፤ እንዲያውም ከሁሉም ትልቁ የሱ ነው። ስብከት ያቃተውን የሞላ አልጋ ቻለው።

እኔም ከነዚያ ድንኳን ተሸካሚዎች አንዷ ነበርኩ። ከሉብሊያና ከተማ ከአንዲት ልጅ ጋር መጣሁ። ልጅቷ ተመለሰች፣ እኔ ቀረሁ። ሌላ ታሪክ የለኝም።

እና እትዬ ፔላጊያን ተመልከቷቸው እንግዲህ። አውቶቡሱ አደባባዩ ላይ ሲቆም ከሹፌሩ ቀድመው በሩ ላይ ናቸው። "እንኳን ደህና መጣችሁ የኔ ቆንጆዎች! በኔ ቤት ማፈር የለም!" ይሄ ሰላምታቸው ነው። የሚያውቁት እንግሊዝኛ ከእፍኝ አይሞላም፤ እሱም ግማሹ ስለ ፍቅር፣ ግማሹ ስለ ውሃ ማሞቂያ ነው። ግን በዚያችው ማንንም ይመረምሩባታል። "ከተዋወቃችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? መጀመሪያ የተናገረችው ማናት? አንቺ ነሽ አይደል? አውቄአለሁ፣ ዓይንሽ ቀልቃላ ነው።" ልጅቷ እስከ ጆሮዋ ትቀላለች፣ ጓደኛዋ በሳቅ ትፈርሳለች፣ እትዬም ሁለት ሻንጣ በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ደረጃውን ወጥተዋል።

በሳቸው ጣራ ሥር ተጣልቶ መለያየት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ሆላንዳውያን ክፉኛ ተጣሉና አንደኛዋ ሻንጣዋን ቆልፋ ልትሄድ ተነሳች። ጫማዋ የለም። አልጋ ሥር ተፈለገ፣ ግቢው ተፈለገ፣ የለም። እትዬ ፔላጊያ ከሁሉም በላይ ይፈልጋሉ፤ "ድመት ይሆናል፤ ይቺ ድመት ሌባ ናት" እያሉ ድመቷን ይረግማሉ። አውቶቡሱ ሄደ። በባዶ እግር የት ይኬዳል? ልጅቷ ቁጭ አለች፣ ሰርዲን ተጠበሰ፣ ኡዞ የሚባለው አረቄ ተቀዳ፣ ምሽቱን ታረቁ። ጫማው በነጋታው በእትዬ ዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ተገኘ። "ድመቷ ናት" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ብቻዋን የመጣች ሴት ደግሞ ለሳቸው ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ ናት፤ ካላወጧት እንቅልፍ የላቸውም። አንድ ዓመት ፍራውከ የምትባል ጀርመናዊትና ኢርሜሊ የምትባል ፊንላንዳዊት ብቻ ብቻቸውን መጥተው በተለያየ ቀን ክፍል ያዙ። እትዬ ለአንዷ ስለ ሌላዋ ሹክ ሲሉ ከረሙ። በመጨረሻ በኔ ካፌ፣ በኔ ጠረጴዛ፣ በኔ ሻማ ቀጠሮ ያዙላቸው። ሁለቱ ሲተያዩ አንደኛዋ ሳቀች፣ ሌላዋ አለቀሰች። ለካ ድሮ አብረው ኖረው የተፋቱ ናቸው! እዚህ የመጡትም አንዷ ሌላዋን ለመርሳት ነው። እኔ በሐፍረት ወጥ ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። እትዬ ፔላጊያ ግን ደረታቸውን ነፉ። "ይኸው! የሚስማሙ ናቸው ብዬሽ አልነበረም?"

ቄሱም ከሳቸው አላመለጡም። በጥምቀት ማግስት አባ ኪርያኮስ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠበል ሲረጩ፣ እትዬ ሳሎኑን አስረጭተው አይለቋቸውም። ፎቁ ላይ ይዘዋቸው ይወጣሉ። ቄሱ በትልቁ አልጋ ፊት ይቆማሉ።

"እዚህ ማን ነው የሚተኛው፣ ፔላጊያ?"

"ሰው ነው የሚተኛው፣ አባቴ። ይርጩ!"

ይረጫሉ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያየ ሰው የዚህ ቤት በር ለሁሉም የተከፈተ ይመስለዋል። ብርዱ ሲገባ ግን እንግዶቹ እንደ ወፍ ይበተናሉ። ወንበሮች ይቆለላሉ፣ ካፌዎች ይዘጋሉ፣ ባሕሩ ማንም ሳይሰማው ይጮኻል። ያኔ በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ መብራት የሚበራው በአንዱ ብቻ ነው፤ ከማዶ ደግሞ በካፌዬ የኔው አንዲት መብራት። እትዬ ፔላጊያ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ። እሑድ እሑድ ልጃቸው ኤርሚዮኒ ከተሰሎንቄ ትደውላለች። ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ደም ግፊት ያወራሉ፣ ይዘጋል።

ኤርሚዮኒ አንድያ ልጃቸው ናት። ወጣት ሳለች አንድ ቀን እናቷን አስቀምጣ፣ "እማዬ፣ እኔም እንደነሱ ነኝ" አለቻቸው። እትዬ ፔላጊያ አልጮኹም፣ አላባረሩም። "እሺ። ብቻ ለሰው አትናገሪ" አሉ። ያን ዕለት ፎቁ ላይ ያለው አልጋ ሁሉ ሞልቶ ነበር። ልጅቷ በዚያው ሄደች፤ ለዓመታትም ቤት አልመጣችም።

እናት ለምን አልጠሯትም? በዓል እየጠበቁ ነበር። ልጅ የምትመለስበት ቀን የእናቷ ስም ቀን ነው፤ በኛ ዘንድ ደግሞ ስም ቀን ጥሪ የለውም። ቅዱስሽ የሚታሰብበት ዕለት በርሽን ትከፍቻለሽ፣ የወደደሽ ይመጣል። "ነይልኝ" ማለት ልመና ነው፣ ያዋርዳል። ስለዚህ እናት በየዓመቱ መስከረም ማለቂያ ላይ በር ከፍተው ይጠብቃሉ፤ ልጅ ደግሞ ተሰሎንቄ ሆና ስልክ ትጠብቃለች። ሁለቱም ግትሮች ናቸው፤ የእናቷን ወተት ነውና የጠባችው።

ዘንድሮ ግን መጣች። ያመጣቻት አብራት የምትኖረው ሉኪያ ናት፤ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ዝምተኛ የቮሎስ ከተማ ልጅ። "ጥሪ የሌለው በዓል ከሆነ የምን ጥሪ ነው የምትጠብቂው?" አለቻት አሉ። እኔ ለበዓሉ ከካፌዬ ወንበር እያመላለስኩ ስለነበር ሁሉን አየሁ።

እትዬ ፔላጊያ በሩ ላይ ሲያዩዋት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ የሚያውቁትን አደረጉ። ሻንጣውን ነጠቁ። ከግድግዳው ላይ ቁልፍ አወረዱ፣ ከነክፍል ቁጥሩ።

"ይኸው የኔ ቆንጆዎች! የላይኛው ነው፣ ባሕሩ የሚታየው። አልጋው አንድ ነው፣ ሰፊ። ፎጣው ንጹሕ ነው። በኔ ቤት ማፈር የለም!"

ኤርሚዮኒ ቁልፉን እጇ ላይ አገላብጣ አየችው።

"እማዬ፣ የኔ ክፍልስ?"

"ያንቺማ ጠባብ ነው፣ ልጄ። ደግሞ ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዛሬ ሰው ይገባል ይወጣል። ላይ ነፃ ናችሁ፣ ማንም አያያችሁም።"

"ማንም አያየንም?"

"ለናንተው ብዬ እኮ ነው!"

"ላይ የሚተኙት የሰው ልጆች ናቸው፣ እማዬ። እኔ ክፍል ልከራይ አልመጣሁም።"

በዚህ መሃል ጎረቤቶች እየተንጋጉ ገቡ፤ ከፊት ከፊት እትዬ ታሱላ፣ የመንደሩ ትልቋ ወሬኛ፣ የኬክ ሳጥን ታቅፈው። "ዕድሜ ይስጥሽ ፔላጊያ! ውይ፣ ኤርሚዮኒ! አደግሽ፣ ከሳሽ! ይቺስ ማናት?" አሉ ሉኪያን ከላይ እስከ ታች እያዩ።

ሳሎኑ ሁሉ ጆሮ ሆነ።

"እንግዳ ናት" አሉ እትዬ ፔላጊያ ቶሎ ብለው። "ክፍል የያዘች።"

ኤርሚዮኒ ቁልፉን የጣፋጩ ትሪ ላይ አስቀመጠችው። የሉኪያን እጅ ያዘችና ወጣች። እኔን ስታልፍ፣ "የነገው አውቶቡስ ማለዳ ነው አይደል?" አለችኝ። ማለዳ ነው አልኳት።

ካፌዬ ገብተው ተቀመጡ። ውሃ አቀረብኩ፣ አልጠጡም። ሉኪያ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የጎተትኩሽ" ትላለች። ኤርሚዮኒ በመስኮቱ የእናቷን ቤት ታያለች።

"ለዓለም ሴት ሁሉ እናት ናት" አለች። "ለኔ አከራይ ናት።"

እውነቷን ነው።

እንግዲህ በኛ መንደር ስም ቀን የሚያከብር ሰው በዓሉን ጥሎ ከቤቱ አይወጣም፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እንግዳውን ጨርሶ ነው የሚወጣ። ስለዚህ እትዬ ፔላጊያን በቤት ነጠላ ጫማ፣ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ አደባባዩን ሲያቋርጡ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በሩን በርግደው ገቡ። ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ ነበር። እሱን አያውቁበትም። ቀጥ ብለው ሉኪያ ፊት ቆሙ።

"ለምን ቁጭ አልሽ?"

ሉኪያ ማንን እንደሚያናግሩ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች።

"አንቺን ነው! ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፣ ብርጭቆ አልቆብኛል፣ እኔ አሮጊቷ ወዲያ ወዲህ ስል አንቺ እዚህ እግርሽን ዘርግተሽ! የቤት ልጅ እንዲህ ናት? እናትሽ ያሳደገችሽ እንዲህ አድርጋ ነው? ዕቃ ማጠብ ትችያለሽ?"

"እ... እችላለሁ።"

"እናያለን! ተነሺ!"

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ክፍልሽን ከፍቼዋለሁ። ጠባብ ነው ብያለሁ። ከተጣበባችሁ እኔ የለሁበትም።"

ሦስቱ ተያይዘው ወጡ፤ እኔም የቀረውን ወንበር ይዤ ተከተልኩ። ሉኪያ እጅጌዋን ሰብስባ ወጥ ቤት ስትገባ እትዬ ታሱላ ተንሾካሾኩ፤ አገር እየሰማ። "ፔላጊያ፣ እንግዳ ዕቃ ታሳጥቢያለሽ እንዴ?"

"የምን እንግዳ? የኤርሚዮኒ ናት። የኛ ናት።"

እትዬ ታሱላ አማተቡ። ባልና ሚስት ጎረቤቶች ኮታቸውን አነሱ። እትዬ ፔላጊያ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱላቸውና፣ "በሰላም ግቡ" አሉ። የቀረው ቀረ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ኬክ እያኘከ ምንም እንዳልሰማ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። "በሙቅ ውሃ! ኧረ በሙቅ ውሃ! ያ የእናቴ ብርጭቆ ነው፣ ብትሰብሪው ወዮልሽ! እንዲህ ነው የሚያዘው?" ሉኪያ "እሺ፣ እሺ" ትላለች። ኤርሚዮኒ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና ታለቅሳለች።

እኔም ዝም ብዬ ገባሁና ከመስቀያው ላይ ፎጣ አንስቼ እርጥቡን ብርጭቆ ማድረቅ ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ጎረቤታቸው ነኝ፤ ብርድ ወራቱን ሁለታችን ብቻ ነን መብራት የምናበራው። እትዬ ፔላጊያ ፎጣውን ቀስ አድርገው ከእጄ ወሰዱት። "ኧረ ተይው የኔ እመቤት፣ አንቺ አትልፊ" አሉኝ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው። ወንበር ሳቡልኝ። በስኳር የተቀቀለ በለስ በትንሽ ሳህን አቀረቡልኝና ወደ ጩኸታቸው ተመለሱ። በለሱን በላሁ። ለእንግዳ የሚቀርብ በለስ ነው።

እወዳቸዋለሁ፤ ምን አባቴ ላድርግ። ለከርሞ ግን፣ እግዜር ካቆየን፣ ከእናታቸው ብርጭቆዎች አንዱን ሆን ብዬ እሰብራለሁ።