እማማ ይታየሽና ውሃቸው

በየትኛውም ግቢ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የውሃ ድምፅ የሚሰማ አንድ ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ጠብ ካለ ከጸሎቱም ቢሆን ይነሣል። ነርሷ ምሕረት ሰቆጣ ውስጥ በተከራየችበት ግቢ ይህን ማዕረግ የያዙት አከራይዋ፣ ክብርት እማማ ይታየሽ ነበሩ።

የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። እማማ ታዲያ አንዱን ጆግ ውሃ ደጋግመው ያሠሩታል። ጎመን የታጠበበት እግር ይታጠብበታል፤ እግር የታጠበበት ለጓሮው ጌሾና ቃሪያ ይሆናል። ምሕረት እጣቢ ልትደፋ ብድግ ካለች፣ «ተይው! እሱ ገና ሥራ አለው!» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይመጣል። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ አማኑኤል ቤቱን ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት እንኳ፣ «አባ፣ የተረፈውን ወደ ቃሪያው ጠጋ ብለው ይርጩልኝ፤ እሱም ፍጥረት ነው» አሏቸው። አባም እየሣቁ ረጩ።

ምሕረት ጠጉሯን በታጠበች ቁጥር እማማ ሳፋ ይዘው በር ላይ ሲጠብቋት ትበሽቃለች።

«ዝውውሬ ይምጣ እንጂ ቧንቧ ከፍቼ ነው የምውለው!»

«ክፈች። ዓባይን ስታደርቂው እሰማለሁ» ይሏታል።

ዝውውሩ መጣ፤ ባሕር ዳር። የመጀመሪያውን ቀን ቧንቧውን እስከ ጥግ ከፈተችው፤ ደስ አላት። ሳምንት ሳይሞላ ግን እጇ ራሱ ይዘጋው ጀመር። እጣቢ ይዛ በረንዳ ላይ ትቆማለች፤ ከሲሚንቶ በቀር የሚጠጣ ነገር የለም፤ ብትደፋውም የሚጮህባት የለም። ያ ዝምታ ከበዳት። አንድ ጠዋት ጎረቤቷ ቧንቧ ከፍታ ወሬ ስትይዝ፣ «ኧረ ይዘጋ!» ብላ ጮኸች። የራሷ ድምፅ አልመስል አላት።

ስትደውልላቸው እማማ «ናፈቅሽኝ» የሚል ቃል አይወጣቸውም። «ደህና ነኝ። ቃሪያውም ደህና ነው። ክፍልሽን አላከራየሁትም፤ የሚሆን ሰው ጠፋ» ይሏታል።

ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቃ ተሳፈረች። ቅንድቧ ድረስ አቧራ ለብሳ ግቢው ስትደርስ፣ እማማ አገላብጠው ሳሟትና በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ሙሉ ጀሪካን አምጥተው ፊቷን፣ እጇን፣ እግሯን ራሳቸው ያስታጥቧት ጀመር። ከሥር ሳፋ አልነበረም። ውሃው በደረቁ መሬት ላይ እየተንኳለለ ወደ በሩ ወረደ።

«ይበቃል እማማ፣ ውሃው እኮ ፈሰሰ!»

«ይፍሰስ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከፊቷ ሳያነሡ። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ከሳሽ?»