በር ዘግቶ ማከም

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንድን ታማሚ ለብቻው ማነጋገር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አትልፉ። በእኛ አገር ሰው ለብቻው አይታመምም። አንዱን ራሱን ካመመው ወንድሙ ይደግፈዋል፣ አማቱ ስንቅ ትይዛለች፣ ጎረቤቱ ደግሞ የበሽታውን ታሪክ ከሥሩ ጀምሮ ይተርካል። ታማሚው አፉን የሚከፍተው ምላስህን አሳይ ሲባል ብቻ ነው።

እኔ ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ዱራሜ ተወልጄ ያደግኩ ከምባታ ነኝ። ግን አዲስ አበባ ሄዶ የተማረ ሰው የሚያውቀውን መርሳትም የትምህርቱ ክፍል ነው። በደርግ ማብቂያ ዓመታት፣ ድሬሰር ሆኜ ቁስል እያጠብኩ ጥቂት ከሠራሁ በኋላ፣ ለአእምሮ ሕክምና ስልጠና ተመረጥኩ። አስተማሪያችን ሰውን በመርፌ ብቻ ሳይሆን በንግግርም ማዳን ይቻላል አሉን። ሕጉ ቀላል ነው። በሩን ዝጋ። ዝም ብለህ አዳምጥ። ስለራስህ አታውራ። እዚህ የሚነገረው እዚሁ ይቀራል በል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የእናንተ ሥራ የተደበቀውን ማውጣት ነው አሉ። እኔም አመንኩ። ደስ የሚል ነገር እኮ ነው!

ለልምምድ ሆሳዕና ተመደብኩ። የመጀመሪያው ታካሚዬ ከሰሜን መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ፣ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸውን በትሕትና አስወጣሁ። በሩን ዘጋሁ። ዝም አልኩ። ጋሼ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና በሩን አዩ። ላብ ላብ አላቸው። በለሰለሰ ድምፅ፣ እዚህ የሚናገሩት እዚሁ ይቀራል አልኳቸው። ይሄኔ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ስኳሩን ያሸሸሁት እኔ ብቻ አይደለሁም አሉኝ። ሳልጠይቃቸው የሌሎቹንም ስም ዘረገፉልኝ።

ምን ያድርጉ? በዚያ ዘመን በር ዘግቶ፣ ዓይን ዓይን እያየ፣ ሁሉንም ንገረኝ የሚል ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። እሱም ሐኪም አልነበረም። ጋሼ ያን ቀን ለጥ ብለው ተኙ አሉ። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ይህን ያነሣሁት እማማ ታደለች ዘንድ ለመድረስ ነው።

እማማ ታደለች ከሆመቾ አካባቢ ነው የመጡት። ያመጧቸው የባላቸው ወንድም እንደነገሩኝ፣ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ኤርሲዶ ይባላል። እሱን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ደብዛው የለም። እሳቸውም አፋቸው ተዘጋ። እንሰት ይፍቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ ቃል ግን አይወጣቸውም። የቸርች ሰዎች ጸለዩላቸው። ኦርቶዶክስ ጎረቤታቸው ጠበል አመጡላቸው። ምንም።

አብሯቸው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቷል። ይታከሙ ያለውም እሱ ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ሴትዮዋ መናገር ስትጀምር መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ አለኝ። ልቤ ተነካ። ልምምዱን ሊያዩ ብቅ ላሉት አስተማሪዬ፣ ሕዝቡ ስለ አእምሮ ጤና ያለው ግንዛቤ ሊቀመንበር እስከሚያስጨንቅ አድጓል ብዬ በኩራት ነገርኳቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው። ይህችን ሴት ካናገርክ አለፍክ፣ ካላናገርክ ግን ወደ ቁስል ማጠቢያህ ትመለሳለህ አሉኝና ሄዱ።

ሥራ ጀመርኩ። በገበያ ቀን ይመጣሉ፤ ዘመድ አስወጣለሁ፤ በር እዘጋለሁ፤ ዝም እላለሁ። እማማም ዝም ይላሉ። ዝምታ ሕክምና ከሆነ እሳቸው የእኔ አስተማሪ መሆን ነበረባቸው። እኔ ሲጨንቀኝ እግሬን አነባብራለሁ፣ እስክሪብቶ እነካካለሁ። እሳቸው ንቅንቅ የለም። ስወጣ ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆሟል። ተናገረች? ገና ናቸው። በርታ እንግዲህ ይለኛል። ይህን የመሰለ አስታማሚ የት ይገኛል?

በዚህ መሀል መስቀል ደረሰ። የእኛን አገር መስቀል መቼም ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ጫማ የሚጠርገው ይመጣል፣ ወንጂ አገዳ የሚቆርጠው ይመጣል፣ የተጣላው ይታረቃል። ለመስቀል ቤቱ ያልመጣ ሰው ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል። እኔም ዱራሜ ሄድኩ። ታናሽ ወንድሜን ከዚያ በፊት ለውትድርና ወስደውት ነበር፤ እሱ አልመጣም። እናቴ ሥጋውን ለሰው ከፋፈለች እንጂ አልቀመሰችም። ሰፈሩ ሁሉ ሲጨፍር እሷ ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ ምድጃ ሥር ተቀመጠች።

ሆሳዕና ስመለስ እማማ ታደለች ቀጠሮ ነበራቸው። በር ዘጋሁ። ዝም ልል ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። በዚያ በተሰባበረ ሀዲይኛዬ ስለ ወንድሜ ማውራት ጀመርኩ። ስለራስህ አታውራ የሚለው ሕግ እዚያው ተቀበረ። እናቴ ለመስቀል እንኳ ፀጉሯን ቅቤ መቀባት እምቢ አለች፣ አልኳቸው።

ይህን እያልኩ ቀና ስል፣ ቀኑ ሞቃት ነበርና፣ ከእማማ ሻሽ ሥር የቀለጠ ቅቤ በጆሮ ግንዳቸው ወርዶ አየሁ።

በእኛ አገር ልጇ የገባበት ያልታወቀ እናት ፀጉሯን ቅቤ አትቀባም። ለመስቀልማ ጭራሽ! ይህን ለማወቅ አዲስ አበባ መማር አያስፈልግም፤ እንዲያውም አለመማር ይረዳል። ኤርሲዶ ለመስቀል መጥቶ ነበር! የት ይኖራል፣ ከውትድርናው እንዴት አመለጠ፣ አላውቅም። ግን መጥቶ የእናቱን ቤት ሥጋ በልቷል። ሊቀመንበሩም የሚጠብቀው የእሳቸውን ጤና ሳይሆን ልጁ ያለበትን ቦታ ነው። እኔ ደግሞ በነፃ የተቀጠርኩለት መርማሪ ነኝ!

እማማ ማየቴን አዩ። ቅቤውን በመዳፋቸው ጠረጉና ሻሹን ወደ ታች ሳቡ። ለካ ያ ሁሉ ዝምታ በሽታ አልነበረም። መንደሩ በየቀኑ የልጅሽ ወሬ አለ ወይ ይላቸዋል። የሚናገር ሰው በየቀኑ መዋሸት አለበት፤ አንድ ቀን ይስታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ። እሳቸው አፉን እንዳለ ዘጉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉን እንጂ፣ ልጇን የደበቀች እናት ምን ትሁን ብሎ ያስተማረን የለም።

ተነሥተው መጡና እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። በሹክሹክታ፣ በሀዲይኛ፣ ወንድምህንም ያምጣላችሁ አሉኝ። ሐኪሙ አለቀስኩ። ታካሚዋ አባበሉኝ።

ሊቀመንበሩ በር ላይ ነበር።

"ተናገረች?"

"ጓድ፣ ይህ በሽታ በጥያቄ ይብሳል። ማንም ምንም ሊጠይቃቸው አይገባም። እርስዎም ጭምር።"

"ሳይንሳዊ ነው?"

"ፍጹም ሳይንሳዊ ነው።"

በዚያ ዘመን ሳይንሳዊ የተባለን ነገር የሚከራከር አልነበረም። ሄደ። እማማንም የሚጠይቃቸው ጠፋ። አስተማሪዬ ለፈተና ሲመጡ ግን እማማ ታደለች ከፊታቸው ተቀምጠው እንደ ድንጋይ ዝም አሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ከታካሚህ ምን አወጣህ አሉኝ። ምንም አልኳቸው። ለዚህ ሙያ የተፈጠርክ አይመስለኝም አሉና ጣሉኝ። ቁስል ሳጥብ ቆይቼ በሌላ ዙር ነው ያለፍኩት። እውነቱን ልንገራችሁ? እንደዚያ በመውደቄ ያኔም ኮርቻለሁ፣ ዛሬም እኮራለሁ።

ደርግ ወደቀ። ወንድሜ እግሩን እየጎተተም ቢሆን መጣ፤ እናቴም ቅቤዋን ተቀባች። ኤርሲዶም ከመኪና ዘሎ ካመለጠ ጀምሮ ሺንሺቾ ዘመድ ቤት እንደነበር ተሰማ፤ ወደ ቤቱ ገባ። የዚያኑ ቀን እማማ ታደለች አፋቸውን ከፈቱ። ከፈቱ ነው የምላችሁ! የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። ሲፍቁ ያወራሉ፣ ሲበሉ ያወራሉ፣ ጸሎት ቤት ሰባኪውን ያርማሉ።

ሰሞኑን ኤርሲዶ ቢሮዬ መጣ። ጎልምሷል፣ የልጆች አባት ነው። ገብቶ በሩን ራሱ ዘጋው። በሩን አየ፣ እኔን አየ።

"ጋሼ፣ እዚህ የምናገረው እዚሁ ይቀራል?"

"ይቀራል።"

"እናቴን ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት የለዎትም?"

"ልጄ፣ እኔ እናትህን ማናገር አቅቶኝ ፈተና የወደቅኩ ሰው ነኝ። ዝም ማሰኘቱን ደግሞ ከየት ላምጣው?"

ይህን ስል በሩ ተገፋ። እማማ ታደለች ናቸው፤ ከኋላቸው ጎረቤታቸው ስንቅ ይዛለች።

"በር ዘግታችሁ ምን ትንሾካሾካላችሁ?" አሉ። "ደግሞ እናንተ ምስጢር መያዝ የት ታውቃላችሁ!"