የተጸለየበት የኩላሊት ጁስ

ሳይማሩ የሚያክሙ ሰዎች እናንተ ቤተ ክርስቲያን የሉም? የባለቤቴ የኩላሊት ሕመም የጸሎት ርዕስ ሆኖ በተነገረ በሳምንቱ፣ የጸሎት ቡድናችን እትዬ አልማዝ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ አንድ ጋሎን አረንጓዴ ጁስ አስታቀፉኝ።

«ፓርስሊና ሳማ ነው። ያሸናል፤ አንቲኦክሲደንት ነው፤ ኩላሊት ያጥባል።»

«ሐኪሙ እንደዚህ ፖታሲየም የበዛበትን ሁሉ ከልክሎታል፤ ውሃ እንኳ በልክ ነው የሚጠጣው» አልኳቸው።

«ተጸልዮበታል እኮ! ናቹራል ነገር ምን ያደርጋል? እምነት አጣሽ?»

እምነት! ባሌን እስከ ዛሬ ያቆየልኝን ጌታ በየማለዳው የማመሰግን ሴት በጋሎን ልመዘን? የእባብ መርዝም እኮ ናቹራል ነው። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ «እርስዎስ ይጠጡታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔማ የደም ግፊት ኪኒን እወስዳለሁ» አሉ መኪናቸው ውስጥ እየገቡ፤ «ዶክተሬ ጁሱን እንዳልነካው አስጠንቅቆኛል።»